ወረፋ የሚያስቆሙት እማማ መነን

በየቤተ ክርስቲያኑ የኑዛዜን ወረፋ ቀጥ አድርጎ የሚያስቆም አንድ ሰው አይጠፋም። አርባ ምንጭ ላለችው ትንሽ የካቶሊክ ቁምስናችን የደረሱን ክብርት እማማ መነን ናቸው። ሌላው ሦስት ኃጢአቱን ተናዝዞ በአምስት ደቂቃ ይወጣል፤ እሳቸው የሰፈሩን ሁሉ ይዘው ይገባሉ።

ጆሯቸው ስለደከመ፣ የሚያንሾካሽኩ እየመሰላቸው ይጮኻሉ።

«አባ፣ ኦይታ የጎረቤቱን አጥር ገፋ!»

አባ ሲላስም ምን ያድርጉ፣ አብረው ይጮኻሉ። «እማማ፣ የራስዎን ብቻ!»

«የራሴን ነው እንጂ! እያየሁ ዝም ያልኩት እኔው አይደለሁ?»

ኦይታ ከወረፋው ሹልክ ይላል።

እማማ ያደጉት ጋሞ ደጋ፣ ኦቾሎ ነው። እዚያ ዝናብ ሲጠፋ ወይም ልጅ ሲታመም «ጎሜ አለ፤ የተሰወረ ነውር አለ፤ ማን ምን አጠፋ?» ተብሎ ጥፋቱ ሽማግሌዎች ፊት በአደባባይ ይነገራል፤ የአንዱ ጥፋት ለሁሉም ይተርፋልና። «ኃጢአት የብቻ የለውም» ይላሉ፣ ስትጠይቋቸውም ሳትጠይቋቸውም።

እኔ ሦስት ዓመት ከኋላቸው ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። እናቴ ምዕራብ ዓባያ በሞተችበት ጠዋት አራት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። ተኳርፈን ስለነበር አላነሳሁም። ይህን የምናውቀው እኔና እማማ መነን ብቻ ነን፤ በለቅሶው ሰሞን ጆሯቸው ሥር ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በተናዘዙ ቁጥር ስሜ ይጠራ ይሆን እያልኩ በሩን በሩን አያለሁ።

ዘንድሮ ከትንሣኤ በፊት የጋራ ንስሐ ነበር። ዓባያ ሐይቅ ላይ ደመና ወርዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በቀን ጨልሟል። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «በደልን» ብለን፣ በየተራ ለመናዘዝ ተሰለፍን። እማማ ገቡ። የሰፈሩ ሁሉ ተነገረ፤ የእኔ ብቻ ቀረ። ሲወጡ እጄን ያዙኝ።

«ያንቺን አልነካሁትም» አሉ፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ እየተሰማ።

«ለምን እማማ?» አልኩ ጆሯቸው ሥር።

«ለብቻዬ ከበደኝ። ነይ፣ አብረን እንሸከመው።»

ጎትተው አስገብተውኝ ከጎኔ ተንበረከኩ።

«እማማ፣ ኑዛዜ አንድ በአንድ ነው!» አሉ አባ ሲላስ።

«አይስጉ አባ፣ እኔ እንደሁ አልሰማ!»

እውነታቸውን ነው። ቀስ ብዬ፣ እየተቆራረጥኩ ተናገርኩ፤ አራቱንም ጥሪ፣ አንድ በአንድ። እማማ መነን አንድ ቃል አልሰሙም፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜም አንድ ቃል አልተናገሩም። እጄን ብቻ አልለቀቁም።

ከውጭ የሰው ሳል ይሰማል። ያን ቀን ወረፋውን ያስቆምኩት እኔ ነበርኩ።