የጀማል ቲሸርት

ቅናት በሽታ ነው ካላችሁ፣ እኔ ታምሜያለሁ። ጎረቤቴ ጀማል ወንዶች በሴቶች ላይ የሚደርስ ፆታዊ ጥቃትን እንዲከላከሉ የሚያስተምር ሥልጠና ወስዶ፣ የሥልጠናውን ቲሸርት ለብሶ ወደ ሰፈራችን አቦከር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ጫት ስንቅም ስለ ሴት ቀልድ ከተነሳ፣ "ወላሂ ይሄ አያስቅም" እያለ ምርቃናችንን ይሰብርብናል። በፊት ቀልዱን የሚያመጣው ማን ነበርና? የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ እሱን ሲያዩ ሰላምታቸው ይረዝማል። እኔስ? ማንንም ነክቼ አላውቅም። ላልነካ ሰው ቲሸርት የሚሰጠው የለም እንዴ?

በቀደም ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ የአንዲት ልጅ እጅ ይዞ አልለቅም ሲል፣ ጀማል ገብቶ አስለቀቃት አሉ። ልጅቷ የማን እንደሆነች ግን የነገረኝ የለም። እኔም ቤት ገብቼ፣ "ያን ቲሸርት ለብሶ ማን ጀግና አይሆንም?" እያልኩ ሳጣጥለው ልጄ ሂክማ አቋረጠችኝ።

"አባ፣ ልጅቷ እኔ ነኝ። ሰውዬው ወር ሙሉ ሲያስቸግረኝ ለጋሽ ጀማል ነግሬው ነበር።"

"አባትሽ እያለሁ ለጀማል?"

"ጫት ላይ ስትስቁ በመስኮት ይሰማኛል።"

"ጀማልም እኮ አብሮን ይስቅ ነበር።"

"እሱ ካቆመ ቆየ" አለችኝ፤ "የአንተን ሳቅ ግን ትናንትም ሰምቻለሁ።"