አክስቴ ሣር ሲያላምዱ

ዘር ሰብሳቢ የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ፍራፍሬ ስትበሉ እጁን ከአገጫችሁ ሥር የሚዘረጋው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። የእኛ ቤት ባለሥልጣን ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህርት፣ ክብርት አክስቴ ናቸው።

ሌላው መምህር ታሪክን ከነገሥታት ሲጀምር ክብርትነታቸው ከእህል ይጀምራሉ። ቁርስ ላይ ዳቦ ከቆረስኩ አለቀልኝ። «ይሄ ዝም ብሎ የመጣ መሰለህ?» ይላሉ። ከዚያ የዱር ፍሬ ከሚለቅሙ ሰዎች ጋር አሥር ሺህ ዓመት ወደ ኋላ እንሄዳለን። ስንመለስ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ እኔም ከሥራ አርፍጃለሁ። የእህቴ ልጅ እጮኛ መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን ሐብሐብ ቀረበለት። ልጁ ጨዋ ነኝ ብሎ ፍሬውን ዋጠ። አክስቴ ሹካቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ሰው ዘር ይውጣል?» አሉት። ሠርጉ ሊቀር ነው ብለን ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ሣሩ ከመምጣቱ በፊት ነው።

አንድ ቀን ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ የዱር ሣር ዛላ ቀጥፈው መጡ። «ንካው» አሉኝ። ብነካው ፍሬው ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ሚስቴ መጥረጊያ ልታመጣ ተነሳች።

«አየህ፣ የዱር ሣር ሲበስል ይረግፋል። የድሮ ሰዎች ሲያጭዱ እጃቸው የገባው ዛላው ላይ የቀረው ነው። እሱኑ መልሰው ሲዘሩ፣ ሲዘሩ፣ የማይረግፍ እህል አገኙ።»

«ታዲያ ስንዴው አለን አይደል እንዴ? እርስዎ ምን አደከመዎት?»

«በእጄ ላየው እፈልጋለሁ» አሉ።

በረንዳችን ጣሳ በጣሳ ሆነ። የሚስቴ የልብስ ማስጫ ገመድ ወደ መታጠቢያ ቤት ተሰደደ። ሣሩ በየዓመቱ በቀለ፣ በየዓመቱ ረገፈ። አክስቴ ትንሽ የዘገየውን እየመረጡ መልሰው ይዘራሉ። ጎረቤት «እህሉ ደረሰ ወይ?» እያለ ሲያላግጥ ፌዙን እንደ ምርቃት ተቀብለው «እየመጣ ነው!» ይላሉ።

በመጨረሻ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር መጣ። የጣሳዎቹ ውሃ ታች ያለችው ጎረቤታችን ያሰጣችው ፍራሽ ላይ ወርዷል።

«እማማ፣ እስከ እሁድ ይነሳልኝ።»

«ሣር በቀጠሮ አይበስልም፣ ልጄ።»

«እሁድ!»

አክስቴ የውሃ ጣሳቸውን አንስተው ወደ በረንዳው ተመለሱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኃይለኛ ነፋስ ተነሳ። ጣሳ ከጣሳ ተላተመ፣ ያ ሁሉ ፍሬ ወለሉ ላይ እንደ አሸዋ ተበተነ። እኔና ሚስቴ በሩ ላይ ቆመን የማጽናኛ ቃል ስንፈልግ፣ አክስቴ ተንበርክከው ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ። ድንገት ቀጥ አሉ።

«ኑ! ኑ!»

ጥግ ላይ ባለች የዛገች ጣሳ ውስጥ አንዲት ዛላ ፍሬዋን እንደያዘች ቆማለች። አክስቴ ወዘወዟት። እኔ ወዘወዝኳት። ሚስቴ የገመዷን ቂም ጨምራ ወዘወዘቻት። አንዳንዱ ፍሬ ወደቀ፤ ብዙው ግን ወይ ፍንክች። አክስቴ አለቀሱ፤ ሚስቴ አቀፈቻቸው።

እሁድ ሊቀመንበሩ ሁለት ጡንቸኛ ሰዎች አስከትሎ ሲመጣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ወደ በረንዳው ወስጄ «እስቲ ንካት» አልኩት። ነካት። ጠበቅ አድርጎ ነቀነቃት።

«አትረግፍም እንዴ?» አለ፣ ሊቀመንበርነቱን ረስቶ።

ይህን ጊዜ አክስቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከዱር ፍሬ ለቃሚዎቹ ጀመሩ። ጡንቸኞቹ እንኳ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ጣሳዎቹ መነሳቱን ተነሱ፤ ደንብ ደንብ ነው። የወረዱት ግን ከሕንፃው ጀርባ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ እያላበው ወደቆፈራት መደብ ነው። አክስቴ የዛላዋን ፍሬ ሲዘሩ ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ የሚያላግጥ አልነበረም።

አንዲት መንገደኛ አጥሩ ጋ ቆም ብላ «ምን እየተዘራ ነው?» አለችኝ።

ብዙ ልነግራት ነበር፤ ግን እንዳላስረፍዳት ፈራሁ።

«እህል» አልኳት። «አክስቴ ናቸው የሠሩት።»