ዝናሽ የተሳለችው ጥላ

ሰው ስለ ራሱ ዝም ሲል የተደበቀ ይመስለዋል። ሞኝነት ነው። በትንሽ ከተማ ዝም ያለ ሰው ታሪክ አልባ ሆኖ አይቀርም፤ እሱ ክፍት የተወውን ጎረቤት ይሞላለታል፣ ያውም አሳምሮ። የት እንደምትሄዱ ካልተናገራችሁ የምትሄዱበት ይፈለግላችኋል። ለምን እንዳላገባችሁ ካልተናገራችሁ ምክንያቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? በዚህ ሂሳብ እኔ በምኖርበት ከተማ ቡዳ ያልሆነ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የመጣሁት ከጉራጌ አገር፣ ከእንድብር በኩል ነው። ቤተሰቦቼ ከቅድመ አያት ጀምሮ ካቶሊኮች ናቸው። የተመደብኩበት ታች ጋይንት ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም ደጁ ላይ ያለች አገር ነው፤ እርፍ የጨበጠው ገበሬ ሳይቀር ዜማ የተሳሳተ ደብተራ ያርማል። እዚህ አገር ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «የንስሐ አባትሽ ማን ናቸው?» ተብሎ ነው። እኔም በመጣሁ ሳምንት ስጠየቅ «ባሕር ዳር ናቸው» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ባሕር ዳር ናቸው። የምን ቄስ እንደሆኑ የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔም አልጨመርኩም። እውነት ግማሿ ከተነገረ ከውሸት የባሰ ታሳስታለች፤ ይህን ያወቅሁት ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በሦስቱ ዓመት ማንም አልነቃብኝም። የኛም ሥርዓት የግእዝ ስለሆነ ማማተቤ እንደነሱ ነው። ረቡዕና አርብ እጾማለሁ። ባሕር ዳር በማልሄድበት እሁድ ነጠላዬን አጣፍቼ ማርያም ቅጥር ግቢ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አስቀድሳለሁ። አለመቁረቧ ያጋልጣታል ትሉ ይሆናል። የኔ እኩያ መቼ ቆርቦ ያውቃል! ቆርቤ ቢሆን ኖሮ ነበር ጉድ የሚባለው። በጋውኔ ኪስ መቁጠሪያ ይዤ እዞራለሁ፤ ምጥ የጠናባት ሴት «ማርያም ማርያም» ስትል እኔም አብሬ እላለሁ። አንዷማ መቁጠሪያዬን ከኪሴ መንጭቃ ጭብጥ አድርጋ፣ ልጁ እስኪወጣ አልለቅም ብላለች። የኔ የዘወትር ጸሎት እንዲህ ነው፤ በጓንት የሚጸለይ። ለነፍሴ የሚጎድላት ንስሐና ቁርባን ነበር፤ ለእሱ በወር አንዴ ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ንጹሕ ቀሚሴን ለብሼ በሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር እወርድና ሰኞ ሥራ እገባለሁ።

ባለፈው ክረምት መንገዱ ተዘጋ። የመንገዱን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ እኔም ቁርባን እንደራበኝ ቀረሁ። እህል አልጎደለብኝም፣ ሰው አልጎደለብኝም፤ ግን እሁድ እሁድ ቤቴ ገብቼ የማለቅስበት ጊዜ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናሽ ወለደች። ዝናሽ ቤት ያከራየችኝ ሴት ናት፤ ግቢያችን አንድ፣ ቡናችን አንድ፣ ጨዋችን አንድ ነው። ከልጁ በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ወደ ሆስፒታል እንዳልልካት መንገድ የለም። መድኃኒቱን ሰጥቼ ሆዷን እያሸሁ፣ በአንድ አፌ ለሥራ ጓደኛዬ ትእዛዝ እየሰጠሁ፣ በዚያው አፌ ማርያምን እየለመንኩ ቆየሁ። ደሙ ቆመ። ሴት ልጅ ናት፤ ቀይ፣ ጯሂ፣ ሙሉ ጤነኛ። ኅዳር ጽዮን ዕለት የዝናሽ ባል ባለ ወርቅ ዘርፍ አዲስ የታቦት ጥላ ታቅፎ ወደ ማርያም ሲወጣ አየሁ። ስለት መሆኑ ግልጽ ነው። «ስለትሽ ሰመረ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ዝናሽ አንገቷን ደፋችና ነጠላዋን አስተካከለች። የአራስ ዓይነ አፋርነት መሰለኝ።

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። አሥር ቀን ሲቀረው ዝናሽ ልጇን እያጠባች «ሲስተር፣ ክርስትናዋን አንቺ ነሽ የምታነሽልኝ» አለችኝ።

ለማታውቁ፣ ክርስትና ማንሳት ልጅ ታቅፎ ፎቶ መነሳት አይደለም። የክርስትና እናት በልጅቷ ፋንታ ሰይጣንን ትክዳለች፣ በልጅቷ ፋንታ ሃይማኖቷን ትመሰክራለች። የነሱም ሥርዓት አይፈቅድልኝ፣ የኔም አይፈቅድልኝ። እሺ ብል በታቦት ፊት ልዋሽ ነው። እምቢ ብል ምክንያቱን ልናገር ነው። ምክንያቱን ስናገር ደግሞ የሚጠፋው የዝናሽ ወዳጅነት ብቻ አይደለም። አርብ አርብ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡሮቹ ጌሾና ድንቻቸውን ሸጠው በዚያው እኔ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ስንቷን በልመና ነው ቤት መውለድ ያስተውኳት! «ለካ የኛ አይደለችም፣ ሦስት ዓመት አታለለችን» ቢሉ፣ እየደማች ጎጆዋ ውስጥ የምትቀረውን ሴት አሰብኩ።

ባሕር ዳር ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ምክር ያረዝማሉ ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ሰው በእጅሽ ነፍሱን ከሰጠሽ፣ ማን እንደሆንሽ ማወቅ ይገባዋል» አሉና ኔትወርኩ ተቋረጠ። አንዳንዴ ቴሌም መንፈሳዊ ነው።

በማግስቱ ዝናሽ በሰፌድ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ ቀና ሳልል ሁሉንም አወጣሁት። «ዝናሽ፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ። ክርስትና ማንሳት አልችልም። ባሕር ዳርም የምሄደው ለቅዳሴና ለንስሐ ነው። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።»

ዝናሽ እጇ ምስሩ ላይ ቀረ።

«ባሕር ዳር ያለው... ቄስ ነው?»

«አዎ፣ ቄስ ናቸው።»

«ሽማግሌ?»

«ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል።»

ሰፌዱን አስቀመጠችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለቀልኝ፣ ጓዜን ልጠቅልል አልኩ በልቤ።

«ወይኔ ዝናሽ! ምን አደረግሁ! ምን አደረግሁ በመድኃኔዓለም!»

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ እኮ የሰው ባል የያዝሽ መስሎኝ ነው! በየወሩ ተሠርተሽ፣ ታጥበሽ፣ ውል ብሎሽ ትሄጃለሽ። ስትመለሽ ፊትሽ በርቶ! ይች የሰው ልጅ ተበላሽታ ልትቀር ነው ብዬ ለማርያም ተሳልሁ። ይችን መንገድ ካስቀረሽልኝ ባለ ዘርፍ ጥላ አገባለሁ ብዬ።»

ንስሐ ገብታ የተመለሰች ሴትና ከወዳጇ የተመለሰች ሴት ፊታቸው እንዲህ እንደሚመሳሰል እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ገባችሁ? ያ ኅዳር ጽዮን የገባው ጥላ፣ እኔ «እንኳን ደስ አለሽ» ያልኩበት ጥላ፣ እኔ ከቅዳሴ ስለቀረሁ የገባ ምስጋና ነው። ልናደድ ነበር፣ አልቻልኩም። እኔ ከግድግዳው ወዲህ መንገዱን ክፈችልኝ ስል፣ እሷ ከወዲያ መንገዷን ዝጊልኝ ስትል፣ ሁለታችንም ወደ አንዲት እናት ስንጮህ ነው የከረምነው። ሁለታችንም እስኪያንቀን ሳቅን። ቆይቶ የዝናሽ ሳቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ስድስት ወር ሥጋ ወደሙ ከለከልሁሽ» አለች። መንገዱን የዘጋችው እሷ እንዳልሆነች ባስረዳትም አልተቀበለችኝም። ስለቷን እንዲያ አትንቅም።

የማርያሙ ቄስ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸውን አላጠቆሩም፣ ሥርዓቱንም አላላሉም። «ክርስትናዋን የዝናሽ እህት ታንሳ» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ይችን ሕፃን ከማሕፀን የተቀበልሻት አንቺ ነሽ፤ እስከ ደጁ አንቺ ታቀፊያት» አሉኝ። እስከ ደጁ አቀፍኳት፣ ደጁ ላይ አስረከብኩ። ውጭ ቆሜ ስትጮህ ስሰማ፣ እውነቴን ልንገራችሁ፣ ውስጥ ብሆን ብዬ ተመኝቻለሁ።

ወሬው ለአርብ ደረሰ። አርብ ጠዋት የጤና ጣቢያው አግዳሚ ባዶ ነበር። ረፋዱ ላይ ግን ሴቶቹ ከገበያ መጡና እንደውም በዙ፤ ቀጠሮ የሌላቸው ሳይቀሩ ካቶሊክ ምን እንደሚመስል ሊያዩ መጥተው ኖሯል። አንዲት እናት ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ «ማርያምን ታውቂያታለሽ?» አሉኝ። «አዎ፣ እማዬ» አልኩ። «እንዲያ ከሆነ የምራቴን ሆድ ለኪልኝ» አሉ። ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። ስምንት ወር የሞላት አንዲት ሴት ያን ቀን አልመጣችም፣ በኋላም አልመጣችም፤ ቤቷ ወለደች። ደግነቱ በሰላም ተገላገለች። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

ጥር ሲገባ መንገዱ ተከፈተ። ዝናሽ ልጇን አዝላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኛለች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጧፍ አቀበለችኝና «ለዚያችኛዋም ማርያም አብሪልኝ» አለች። «አንዷው ናት እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ እቴ፣ ቢሆንም» አለች።

ለአስተርእዮ ማርያም ተመልሼ ነበር። ታቦቷ ስትወጣ እንደ ልማዴ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እልል እላለሁ። ያ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ከፊት ሲሄድ አየሁትና ሳቄን በነጠላዬ ያዝኩ። ከኋላው ደግሞ አንድ ሌላ፣ ቀይ፣ ገና መታጠፊያው ያልጠፋ አዲስ ጥላ ይመጣል። ወደ ዝናሽ ዞር አልኩ። ሌላ አቅጣጫ ታያለች።

«ዝናሽ? ያ ደግሞ የማን ነው?»

«መንገዱን ክፈችላት ብዬ ነዋ የተሳልሁ! ያበላሸሁትን ሳላስተካክል ልቅር?»

እንግዲህ በአርብ ገበያ የማውቃት ካቶሊክ እኔ ብቻ ነኝ፤ የማርያም ዕቃ ቤት ግን በእኔ ምክንያት ሁለት ጥላ ገብቶለታል። ከዚህ በላይ ምን አድርጊ ትሉኛላችሁ?