የሊቀመንበሩ ክላሰር

በፈረንጆች ዘጠና አራት ነው፣ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ልጄ እዚሁ ለንደን አንድ ሙዚየም ወሰደችኝና የጥንት ቻይና ሹማምንት ይይዙት የነበረውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ አሳየችኝ። ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ የሚናገሩትን ጽፈውበት በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያቆሙታል፤ የትልቁ ሹም የዝሆን ጥርስ፣ የትንሹ እንጨት ነው አለችኝ። እኔን ምን ይደንቀኛል? እዚህ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀመንበር ያለ ቆዳ ክላሰሩ መች ታይቶ ያውቃል?

ያን ሰሞን የምኖርበት ክፍል ጣራው ያፈስ ነበርና ቤት እንዲቀይሩልኝ ሦስት ወር ስመላለስ የቤቶች ቢሮዋ ሴትዮ ቀና ብላ አላየችኝም። ሊቀመንበሩን ይዤ ሄድኩ። ክላሰሩን ደረቱ ላይ አቁሞ ሲገባ ወንበር ሳበችለት፤ ማመልከቻዬንም እዚያው ተቀበለች።

ስንወጣ፣ «እስቲ ክፈተው፣ ስለኔ ምን ጽፈሃል?» አልኩት።

«ይተዉ አባባ» አለ።

አልተውኩም፤ ነጥቄ ከፈትኩት። ውስጡ ያለው የአውቶቡስ ካርታ ብቻ ነው።

«ታዲያ ባዶ እጄን ብመጣ ታናግረን ነበር?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኪልበርን ገበያ ወርጄ ክላሰር ገዛሁ። ባለሱቁ ርካሹን የላስቲክ ቢያቀርብልኝ አይሆንም ብዬ የቆዳውን ከላይ አስወረድኩት።