ይመር የኤሌክትሪክ መጋዝ ገዛ

መሣሪያ ሲገዛ ቤት የሠራ የሚመስለው ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔስ ጎረቤቴ ነበር። አሶሳ የክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን፣ በሠፈራ ከወሎ የመጣው ይመር አዲስ አበባ ሄዶ የኤሌክትሪክ መጋዝ ገዝቶ ተመለሰ። ሚኒስትር የመጣ ይመስል ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው። መብራት ግን ገና ሰፈራችን አልገባም።

የይመር ጎጆ ያፈሳል፤ ሚስቱ ዘይነባ ደግሞ ደረቷን ያማታል።

«ምናለ እንደ ሰፈሩ ሰው በቀርከሃ ቤት ብትሠራልኝ?» አለችው።

«ትንሽ ታገሺኝ። መብራት ይግባ እንጂ የጣውላ ቤት በሳምንት አቆምልሻለሁ።»

በዚያው ክረምት ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ጎረቤቶች ተሰብስበን በአራት ቀን የቀርከሃ ቤት ሠራንለት። እሱ ግን ከሚያፈሰው ጎጆ አልወጣም።

«ግባ እንጂ፣ ወንድሜ» አልኩት።

«እሷ ያልገባችበት ቤት?» አለኝ።