ሰደርያዬና ቢጫው ካናቴራ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ልብስ ለብሳ አየኋት። ሙሉ ልብስ ያልለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ አለበለዚያ ለምን እንደዚያ እንደተጨነቅሁ አይገባችሁም። ስሜ ዳግማዊ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የጉዳት ካሳ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ተብታባ ነኝ። አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ አላወቀም እንጂ፣ እኔ ስሜን ስጠየቅ ሦስቴም አራቴም ነው የምደግመው። ዕድሜ ልኬን ዓረፍተ ነገሬን የሚጨርሱልኝ ሌሎች ናቸው። አንድ ጊዜ ዳቦ ልገዛ ሄጄ «ዳ» ላይ ስቆም ባለሱቁ ዳይፐር አውጥቶ ሰጠኝ። ገዝቼ ተመለስኩ። ያኔ ሚስትም አልነበረችኝም።

የዛሬ ስድስት ዓመት ጓደኛዬ ሚዜ አድርጎኝ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው አዲስ ፋሽን አይሰፉም። በወጣትነታቸው በተማሩት አቆራረጥ ግራጫ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ሰፉልኝ። ከሠርጉ በኋላም ለብሼው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰዎች «እርስዎ» አሉኝ። ባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባይዋ ስሜን እስክጨርስ እጇን አጣምራ ጠበቀችኝ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሲዘገይ ቃል እየመረጠ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ያለ ሰደርያ፣ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ደረት ኪስ መሀረብ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። የሥራ ባልደረቦቼ «ክቡር ሚኒስትር» ይሉኛል። ባለቤቴ ረድኤት ግን «ሙቀቱ አይገድልህም?» ነው የምትለኝ።

ዓርብ ዕለት አዲሷ ሥራ አስኪያጃችን ሶስና ሰበሰበችን። ድርጅቱ አሥረኛ ዓመቱን ስለሚያከብር ከሰኞ ጀምሮ ሁላችንም ቢጫ ካናቴራ እንደምንለብስ ነገረችንና ልካችንን እስከ እሑድ ማታ በስልክ እንድንልክላት ጠየቀችን። ደግ ሴት ናት፤ ክፋት የለባትም። ስብሰባው ሲያልቅ ለብቻዬ ጠርታኝ «ዳግም፣ እስቲ አንድ ጊዜ ቀለል በል። ደንበኞች እኮ ይፈሩሃል» አለችኝ። መልስ ነበረኝ። «እኔ» ላይ ቆሜ ስታገል ስልኳ ጮኸ፤ እያወራች ወጣች። እሑድን ሙሉ ልኬን ሳልልክ ከወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩና ስልኬን ደፍቼው ተኛሁ።

በሕልሜ ነግቷል። ቁም ሳጥኔን ስከፍተው ባዶ ነው። ልብሶቼ ቀድመውኝ ወጥተዋል፤ መስቀያዎቹ ገና ይወዛወዛሉ። እኔ ቢጫ ካናቴራ ለብሻለሁ። ላወልቀው ስጎትተው ከሥሩ ሌላ ቢጫ ካናቴራ አለ፤ እሱን ሳወልቅ ሌላ። አሥራ አንድ አውልቄ ሰውነቴን ማግኘት ሲያቅተኝ፣ ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ እንዳለሁ ወጣሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ሙሉ ልብስ ለብሷል። የቀን ሠራተኞቹ ሲሚንቶ የሚያቦኩት በሰደርያ ነው። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት የወንድ ባርኔጣዋን ከራሷ ብድግ አድርጋ ሰላም ልትለኝ አለችና ካናቴራዬን ስታይ መልሳ ደፋችው። ሊስትሮዎቹ እግራቸውን አነባብረው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ደንበኞቹ ተንበርክከው የሊስትሮዎቹን ጫማ ይጠርጋሉ። የወረዳ ጸሐፊዎች ማኅተማቸውን ታቅፈው በአንድ ሽማግሌ በር ላይ ተሰልፈዋል። ሽማግሌው በመስኮት ብቅ ብለው ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ አሏቸው። ጸሐፊዎቹ እጅ ነሥተው ተበተኑ።

መንገዱ መሐል አንዲት ፍየል ቆማ የአላፊ አግዳሚውን ቁልፍ ትፈትሻለች። የሰደርያን የመጨረሻ ቁልፍ የቆለፈውን በቀንዷ ገፍታ ትመልሳለች፤ ደንቡ እሱን ክፍት መተው ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ ከአንገቴ እስከ እንብርቴ ፈለገች፤ ቁልፍ የለም።

«ም-ም-ምን ለብሰሃል?» አለችኝ።

ጨርቅ ነው አልኳት። የካናቴራውን ጫፍ ቀምሳ ተፋችው። አፍሬ ሮጥኩ።

ሚኒባሶቹ ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ፤ ሰዎቹ ደግሞ ሞተሩን ከፍተው እያዩ ያማርጣሉ። እኔ ሳላማርጥ ፊት ያለው ውስጥ ገባሁ። ልብሴን ያለ ጋሽ ወንድይፍራው የሚያገኝልኝ የለም ብዬ «ራስ መኮንን ድልድይ አውርዱኝ» አልኩ።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

እኔም ደነገጥኩ። ቃሉ እንደ ውኃ ነበር የፈሰሰው። መድገም አማረኝና «ስሜ ዳግማዊ ነው» አልኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥርት ብሎ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነበርና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተሳፋሪዎቹ ግን ከእኔ ሸሽተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ከተማው በሙሉ ይንተባተባል። ሹፌሩ «ተ-ተ-ተጠጉ» ይላል፤ ሰዉ ደግሞ ቃሉ እስኪያልቅ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ሲያልቅ ደስ ይለዋል።

ከጎኔ የተቀመጡ ካፖርት የለበሱ አዛውንት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ። «ል-ል-ልጄ፣ በሰው ፊት እንዲህ አ-አይወራም።»

እኔም እኮ ተብታባ ነኝ አልኳቸው። ትምህርት ቤት እንዴት ይሳቅብኝ እንደነበር፣ ስልክ ሲጠራ እንዴት እንደምሸሽ ነገርኳቸው። ባስረዳሁ ቁጥር ንግግሬ ይፈሳል፣ በፈሰሰ ቁጥር የሚያምነኝ ጠፋ። ረዳቷ፣ ጸጉሯን በባርኔጣ የሸፈነች ትልቅ ሴት፣ ሳይደግም የሚናገር ወይ ሌባ ነው ወይ የሚሸጠው ነገር አለው ብላ በረጅሙ አስረዳችኝና አወረደችኝ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ካናቴራው በላብ ተጣበቀብኝ። ላወልቀው አልሞከርኩም፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አውቄዋለሁ።

የጋሽ ወንድይፍራው ቤት በሩ ክፍት ነበር። ግድግዳው ላይ ሰዎች በመስቀያ ተሰቅለዋል፤ ኮቶች ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ አንድን ሰውዬ ለአንድ ቡናማ ኮት ይለኩታል። ኮቱ ሆዱ በዝቷል፣ ይጥበብልኝ አለ። ጋሽ ወንድይፍራው የሰውዬውን ሆድ በጠመኔ አሰመሩበት። ሰውዬው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ እሺ አለ።

ግራጫው ልብሴ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሱሪውን አነባብሮ ተቀምጧል። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ሥራ ረፍዶብናል፣ እንሂድ አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ጋሽ ወንድይፍራው ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ። «ይ-ይሄ ያንተ ሰው ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ስድስት ዓመት ለ-ለብሼዋለሁ» አለ ኮቴ። «ውስጡ ማን እንዳለ ግን አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ያለ እኔ ሲ-ሲናገር አልሰማሁትም።»

ልመልስለት ፈለግሁ። ምላሴ ተፈቷል፣ የሚያቋርጠኝ የለም፣ ሁሉም ይጠብቀኛል። የምለው አጣሁ። በሕይወቴ ሙሉ የማውቀውን ነገር መናገር ነበር የሚያቅተኝ፤ የምናገረው ሲጠፋኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እስክትመረጥ ድረስ ካልከፋህ ብለው ባዶ መስቀያ አሳዩኝ። ከመስቀያው ጎን የተሰቀለው ሰው ተጠጋልኝና ቦታ ለቀቀልኝ። በጓሮ በር ወጥቼ ሸሸሁ።

የጓሮው በር የሚያወጣው ወደ ድርጅታችን አዳራሽ ነበር። ባልደረቦቼ በሙሉ በጥቁር ኮትና በከረባት ተደርድረዋል። ሶስና ረጅም ባርኔጣ ደፍታ መድረኩ ላይ ቆማለች። የእኔ ወንበር ላይ ግራጫው ልብሴ ማንም ሳይኖርበት ተቀምጧል። ከየት ቀድሞኝ እንደገባ አላውቅም። ሶስና እየተንተባተበች ሰው ሁሉ እንደ ደንቡ ለብሶ ሳለ አንድ ሰው ብቻ ቀለል ብሎ መምጣቱ ደንበኞችን እንደሚያስፈራ ተናገረች፤ ምክንያቱን ይንገረን አለችና ማይኩን ሰጠችኝ።

ተናገርኩ። ስለ ዳይፐሩ ተናገርኩ። ስም ሲጠራ ጊዜ ላለማባከን ብሎ እኔን ስለሚዘለው አስተማሪ ተናገርኩ። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «አ» ብዬ ስለጀመርኩትና እሱ እስክጨርሰው መጠበቅ ስላልቻለው ቃል ተናገርኩ፤ ይህን ለረድኤት እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ሰደርያው ጌጥ እንዳልሆነ፣ ሰው እንዲጠብቀኝ የምለምንበት እንደሆነ ተናገርኩ። ድምፄ አዳራሹን ሞላው። እንደዚያ አምሮ የተናገረ ሰው አይቼ አላውቅም።

እነሱ ግን አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን እያነሡ ይወጣሉ። ንግግሬ አይሰናከል፣ አይቆም፤ የሚጠበቅ ነገር ስላልነበረው ማንም አልጠበቀኝም። እኔም ፍጥነት ጨመርኩ። ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ሶስና በሩ ላይ ደረሰች። እኔን ተዉኝ፣ ራሳችሁን እዩ፣ መስተዋት ይምጣ ብዬ ጮኽኩ። አንድ ሰው የእጅ መስተዋት ይዞ መጣ።

«ይሄ አይደለም። ትልቁን አምጡልኝ» አልኩት። «ትልቁን ነው የምፈልገው። ለእኔ ትልቁን!»

ነቃሁ።

ከነጋ ቆይቷል፤ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ገብታለች። ረድኤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኬን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፈገግታዋ ግን ፊቷን ሞልቶታል። ጎህ ሲቀድ በእንቅልፌ ስናገር እንደቀሰቀስኳት፣ አንድም ቦታ ሳልሰናከል እንደተናገርኩ፣ እሷም ተቀምጣ ማልቀሷን ነገረችኝ። መጀመሪያ ያልኩት ቃሉ አልተለየላትም። የመጨረሻውን ግን ጥርት አድርጋ ሰምታዋለች። ሶስና ልኬን ስትጠብቅ ማደሯንም ስልኩ ላይ አይታ፣ በስልኬ የቀዳችውን ድምፄን የልኬ መልስ አድርጋ ላከችላት።

«‹ትልቁን ነው የምፈልገው› ስትል እኮ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ» አለችኝ። «እስቲ ስማው።»

መልሱ መጥቶ ነበር። ስልኩን ተቀብያት አነበብኩት። ሶስና እንዲህ ብላለች፦ «ዳግም፣ ድምፅህን ለማኔጅመንቱ በስልክ ልኬ አሰማሁት፤ ሁሉም ተገርሟል። ሐሙስ በአሥረኛ ዓመት በዓላችን ላይ የመክፈቻውን ንግግር የምታደርገው አንተ ነህ። እንግዶች አሉ፤ የሬዲዮ ጋዜጠኞችም ይመጣሉ። ትልቁ ካናቴራ ተይዞልሃል።»

ቀና ብዬ ረድኤትን አየኋት። አይሆንም ልላት አፌን ከፈትኩ።

«አ» አልኩ። «አ… አ…»

ረድኤት እንደ ልማዷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።