እናቴን እስከ አውሮፕላን ስንሸኝ

በእኛ አገር ርቀት የአፍ ነገር ነው። ከገበዝ ማርያም የመጣ ሰው «ቤትዎ ሩቅ ነው?» ብትሉት «ኧረ ይቺው ናት!» ይላችኋል። አምናችሁ ብትከተሉት ፀሐይ ጠልቃ ጨረቃ ትወጣለች፤ እሱ ገና «ይቺን ጉብታ ካለፍን…» ይላል። ውሸታም አይደለም። መንገድን አሳንሶ መንገር እግር ያበረታል ይባላል።

ስለዚህ የእህቴ ባል ከአዲስ አበባ ደውሎ «እማማ በአውሮፕላን ይምጡ፤ ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው» ሲል ማንም አላመነውም። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድበት ቀን ደርሷል። «እናቴ ሳትደርስ አልወልድም» ብላለች፤ ልጁ መስማማቱን ግን ማንም አልነገረንም።

በስልኬ ካርታ ላይ አየሁት። እውነትም የሰማዩ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ አውቶቡስ እየተጠማዘዘ ዓባይ በረሃ አይወርድም። አጎቴ መሪጌታ ደስ አላቸው።

«አንድ ሰዓት ከሆነማ ምን ያስቸኩላል? ነገ ምሳዋን በልታ ትነሣ!»

ሁሉም «እውነት ነው» አለ። አውሮፕላኑ የሚነሣው ደግሞ ቀትር እንዳለፈ ነው። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ምጥ ግን ቀን አይሰጥም።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ እኮ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ አይወስዳትም» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አዬ! ለካ ሰማዩ ያጠረው ምድሩን ለእኛ ትቶልን ነው!» አሉ መሪጌታ።

ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ተኮናትረን ወደ ባሕር ዳር ወጣን። አዎ፣ «ወጣን»። መንገደኛን ወንዝ ሳያሻግሩ መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እናቴ ከቅቤዋና ከገንፎ ዱቄቷ ጋር፣ አባቴ፣ መሪጌታ፣ ጎረቤቶች፣ እኔ። ኤርፖርቱ በር ላይ ጥበቃው «ሸኚ እዚህ ይቀራል» አለን።

«ወንዙስ?» አሉት መሪጌታ።

«የቱ ወንዝ አባቴ?»

«ዓባይ ነዋ!»

«እሱን በአየር ነው የሚሻገሩት።»

መሪጌታ አሰቡበት። «እንግዲያማ እስክትሻገር ቆመን እናያለን።»

ቆምን። አውሮፕላኑ ሲነሣ ልቤ አብሮ ተነሣ! እናቴ በየትኛው መስኮት እንዳለች ስላላወቅን ለሁሉም መስኮት እጃችንን አውለበለብን። ከዓይናችን ሲጠፋ መሪጌታ «ተሻገረች» ብለው አማተቡ፤ ተመለስን።

ዳንግላ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ደረስኩ! እጇን ይዣለሁ። ለካ ምጡ ከጠዋት ጀምሯታል፤ ደብቃኝ ነው። እናንተስ ገባችሁ?»

«ዳንግላ ነን።»

«ገና?!»

ከዚያ በኋላ አባቴ በየኮረብታው «ስልክሽ ይሠራል?» ይለኛል። ቡሬ ላይ ባጃጅ መንገድ ዘግቶብን ቆመን ሳለ ስልኩ እንደገና ጮኸ። መጀመሪያ የሰማሁት የሕፃን ለቅሶ ነው። ሴት! ሚኒባሱ በእልልታ ተሞላ፤ የባጃጁ ሾፌር ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ጥሩንባውን ነፋልን። አባቴ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳበ።

እስቲ አስቡት። የሸኘናት ሴት ዓባይን ተሻግራ፣ ልጇን አዋልዳ፣ አያት ሆናለች፤ ሸኚዎቿ ገና ቡሬ ነን።

መሪጌታ ስልኩን ተቀብለው ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ እናቴ ቀደመቻቸው።

«በሉ፣ በሰላም ያስገባችሁ። ስትገቡ ደውሉልኝ፤ መንገደኛ እስኪገባ ልቤ አያርፍም።»